ጭላዳው ግጦሹን ካላቋረጠ አስጎብኚው ሥራውን ያውቃል

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ክረምቱ ወጥቶ ጉሙ ከሰሜን ተራሮች ሲገፈፍ፣ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥምቀት ማግስት ያለው ጊዜ የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ እንግዳ የምትጠብቅበት ወቅት ነው። ለጥምቀት ጎንደር የመጣ ሰውም አንድ ቀን ሲተርፈው ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ሽቅብ ይወጣል። ኮቪድና ግጭት ያቀዘቀዙት ሥራ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አስጎብኚ ለመሆን የሚፈልጉ ወጣቶች ብቅ ይላሉ። ደብዳቤዬ በዋናነት ለእነሱ ነው፤ ቡድን የሚልኩ የጉዞ ድርጅቶችንና እንግዶቹንም ይመለከታል።

አዲስ አስጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ አጥንቶ የሚመጣው ስምና ቁጥር ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 እንደተቋቋመ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት መጀመሪያ ከተመዘገቡት ቦታዎች አንዱ እንደሆነ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 እንደወጣ፣ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ስፋቱ ወደ 412 እንዳደገ በቃሉ ይዞታል። መያዙ ደግ ነው። ይሁንና ይህን እንግዳው ከስልኩ ሊያነበው ይችላል። ከስልኩ የማያገኘው፣ ፊት ለፊቱ ያለው መንጋ በዚህች ደቂቃ ተረጋግቷል ወይስ ሊሸሽ ነው የሚለውን ነው። እኔ ሥራውን የምለካው በአንድ ነገር ነው፦ ቡድኑ ሲነሣ መንጋው ቡድኑ ሲደርስ ያደርግ የነበረውን እያደረገ ከሆነ አስጎብኚው ሥራውን ያውቃል። መንጋው ወደ ገደል ከሮጠ፣ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር አያውቅም።

ምክንያቱ ከጭላዳው ምግብ ይጀምራል። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተው ጭላዳ ብቻ ነው። ሣር የሚሰጠው ጉልበት ጥቂት ስለሆነ ቀኑን አብዛኛውን ሲነቅልና ሲያኝክ መዋል አለበት። በበጋ፣ ሣሩ ሲደርቅ፣ መሬት እየቆፈረ ሥር ያወጣል፤ ያም ሣር ከመንቀል ይልቅ ጊዜ ይወስዳል። አንድ ቡድን ቢያስነሣው ብዙም አይጎዳው ይሆናል። መኪና በሚቆምበት መንገድ ዳር ያለ መንጋ ግን በአንድ ጠዋት በአምስት ቡድን አምስት ጊዜ ሊነሣ ይችላል። የእያንዳንዱ ቡድን አስጎብኚ የሚያየው የራሱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ፀሐይ ገደሉን ስትመታው ሽቅብ ወጥቶ አፋፉ ላይ ይሞቃል፤ አንዱ የሌላውን ጸጉር ይፈትሻል፣ ግልገሎች ይላፋሉ፣ ወንዶች ይጯጯሃሉ። እየጋጠ ከአፋፉ ርቆ ሜዳውን የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ለእንግዳ የሚበጀው ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ያለው ነው። ያን ጊዜ መንጋው ተሰብስቦ ይገኛል፣ ጠባዩ ሁሉ ይታያል፣ ብርሃኑም ለፎቶ ለስላሳ ነው። እኩለ ቀን ላይ የደረሰ እንግዳ የሚያገኘው የተበታተነ መንጋና ከቆላው እየወጣ ያለ ጉም ነው። መንጋው የት እንዳደረ የሚያውቀው ደግሞ ከቡድኑ ጋር የሚመደበው ታጣቂ አጃቢ፣ ስካውቱ ነው። ጠመንጃ ስለያዘ ብዙ ሰው ለጥበቃ ብቻ የመጣ ይመስለዋል፤ የተወለደበትን ተራራ ግን ከማንኛችንም አብልጦ ያውቃል። ጥሩ አስጎብኚ ጠዋት መጀመሪያ የሚያነጋግረው እሱን ነው። ቀኑን ሙሉም የሚናገረውን ለእንግዳው ይተረጉምለታል።

አቀራረቡን በዝርዝር ልግለጽ፤ ጥፋቱ የሚበዛው እዚህ ነውና። ቡድኑ ከመንጋው 50 ወይም 60 ሜትር ሲቀረው ይቆማል። ምክር የሚሰጠው እዚህ ነው፤ ከቀረቡ በኋላ የሚነገር ምክር ጩኸት ይሆናል። ቦርሳ ይዘጋል፣ የሚበላ ነገር ይገባል፣ ስልክ ድምፁ ይጠፋል። ቀጥሎ ገደሉ የት እንዳለ ይታያል። ጭላዳ ነብርም ሆነ ውሻ ሲያይ የሚሸሸው ወደ ገደል ስለሆነ፣ በመንጋውና በገደሉ መካከል መግባት ክልክል ነው። መሸሻው የተዘጋበት መንጋ ሰዉን ሰንጥቆ ይሮጣል፤ ሰው ይገፋል፣ ግልገል ከእናቱ ይለያል።

ወደ መንጋው ቀጥታ አይኬድም። ከጎኑ፣ በሰያፍ፣ ጥቂት እየተራመዱና እየቆሙ፣ ዐይንን ሌላ ቦታ እየጣሉ ነው የሚቀረበው። ፊት ለፊት ማፍጠጥ ለጭላዳ ዛቻ ነው። 20 ሜትር ያህል ሲቀር ሁሉም ይቀመጥ። የተቀመጠ ሰው አጭር ነው፣ አይንቀጠቀጥም፣ ወደፊትም አይገፋም። ብዙ ጊዜ መንጋው ራሱ እየጋጠ ከዚያ በላይ ይቀርባል። ያኔ እንግዳው ሊያደርገው የሚገባው አለመነሣትና እጅ አለመዘርጋት ብቻ ነው። ከግማሽ ሰዓት እስከ 40 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ እንግዳው ማውራት ይጀምራል፣ ወሬው ደግሞ ድምፅ ይጨምራል።

መንጋው መረበሹን መጀመሪያ የሚናገረው እጅ ነው። የሚግጥ ጭላዳ በሁለት እጁ እየተፈራረቀ ይነቅላል፣ መዳፉ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል፤ ተቀምጦ ሳለ እንኳ በቂጡ እየተንፏቀቀ ይቀጥላል። ያ እጅ ቆሞ ራስ ቀና ካለ ቡድኑም መቆም አለበት። ቀጥለው እናቶች ግልገሎቻቸውን ወደ ሆዳቸው ይሰበስባሉ። ከዚያ ወንዱ ግንባሩን ወደ ኋላ ስቦ ነጣ ያለውን የዐይን ቆቡን ያሳያል፤ ላይኛ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ክራንቻውን ያወጣል። ብዙ እንግዳ ይህን ሳቅ ይለዋል፤ ካሜራውን ይዞም ይጠጋል። አስጎብኚው ያን ጊዜ ማብራራቱን ትቶ መጀመሪያ ሰዎቹን በዝግታ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ምን እንዳዩ በኋላ ይነገራቸዋል።

እንግዳ የሚጠይቃቸው ሁለት ጥያቄዎች አይቀሩም። አንዱ ደረቱ ላይ ስላለው ጸጉር አልባ ቀይ ቆዳ ነው። በወንዱ ድምቀቱ ከማዕረጉ ጋር ይያያዛል፤ ቤተሰብ የያዘው ወንድ ደማቅ ነው። በሴቷ ደግሞ ዳር ዳሩን እንደ ዶቃ የሚነሡት እብጠቶች የመራቢያዋን ጊዜ ያሳያሉ። ሁለተኛው ጥያቄ አንዳንዱ ጭላዳ ቆዳው ሥር ስለሚሸከመው ትልቅ እብጠት ነው። ያ የኮሶ ትል ወገን የሆነ ጥገኛ ትል እጭ የተጠራቀመበት ከረጢት ነው። ትሉ አድጎ የሚኖረው በውሻና በቀበሮ አንጀት ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ሣሩ ላይ ይወድቃል፣ ጭላዳው ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ውሻ ይዞ ወደ ፓርኩ መግባት ለምን እንደማይገባ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም።

ምግብን በተመለከተ ልመና አያስፈልግም፣ ክልከላ ነው የሚያስፈልገው። ቁራሽ ዳቦ የለመደ ጭላዳ የፌስታል ድምፅ ሲሰማ ይመጣል። ከፌስታል ወደ ቦርሳ፣ ከቦርሳ ወደ ካምፑ ማብሰያ፣ ከዚያም ወደ ገበሬው ገብስ ይሻገራል። ገበሬው ድንጋይ ሲወረውርበት ጥፋቱ የገበሬው አይደለም። ምሳ መንጋ በማይታይበት ቦታ ይበላል፤ የብርቱካን ልጣጭም ይሁን የእንቁላል ቅርፊት ተለቅሞ ደባርቅ ድረስ ይወርዳል። ጉንፋን የያዘው እንግዳ ካለ ማስክ አድርጎ ከኋላ ይቀመጥ። ጭላዳ ለሰው የቀረበ እንስሳ ነው፤ የእኛ ሳል ለእሱም ሊተርፈው ይችላል።

ወደ ዋልያው ስንመጣ ሥራው ይለወጣል፤ እዚህ ችግሩ ማግኘቱ ነው። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ሌላ በዓለም ላይ የሚኖርበት ቦታ የለም። በጨነቅ ካምፕ አካባቢ ማለዳና ከ10 ሰዓት በኋላ ከገደሉ እርከን ላይ ለግጦሽ ሲወጣ ይታያል። ፍለጋው ዘዴ ይፈልጋል። ገደሉን በእርከን በእርከን ከፋፍሎ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ማየት ይበጃል፤ ዐይናችን ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ስለለመደ በዚያ አቅጣጫ ቶሎ ያልፋል፣ በተቃራኒው ሲሄድ ግን ይዘገያል። ሙሉ እንስሳ መፈለግ አያስፈልግም። የሚፈለገው የቀንድ ቅስት፣ ነጣ ያለ ሆድ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት እግር ነው። የአውራው ቀንድ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ የሴቷ አጠርና ቀጠን ያለ ነው። ከአፋፉ ላይ የሚያዩ ሰዎች ትልቁ ጥፋት ድንጋይ መንካታቸው ነው። አንዲት የተነካች ጠጠር ሌሎችን ይዛ ትወርዳለች፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ግልገል የያዙ እናቶች ለቀናት እርከን ይቀይራሉ፣ ከታችም ሰው ሊኖር ይችላል።

ቀይ ቀበሮ በሰሜን ተራሮች ጥቂት ስለሆነ ለእንግዳ ቃል አይገባም። ባሌ ላይ፣ በሳነቲ አምባ፣ የማየት ዕድሉ እጅግ የተሻለ ነው፤ ያን ለእንግዳው በግልጽ መንገር ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም። ተራውን ቀበሮ ቀይ ቀበሮ ነው ብሎ ማለፍ ግን ውሸት ነው፣ እንግዳውም ፎቶውን ለሌላ ሲያሳይ ይታወቃል። ቀይ ቀበሮ እግረ ረጅም፣ አፈ ሞጋጋ፣ ደማቅ ቀይ ነው፤ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ ነው፤ ጅራቱ ከሥሩ ነጭ ሆኖ ጫፉ ጥቁር ጎፈሬ ነው። ተራው ቀበሮ ጀርባው ግራጫ የተቀላቀለበት ነው። ቀበሮ ሞቶ ከተገኘ ወይም እየተንገዳገደ፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ፣ ሰው ሳይፈራ ከመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ማንም አይንካው፤ ቦታው በስልክ ካርታ ተይዞ፣ ከሩቅ ፎቶ ተነሥቶ በዚያው ቀን ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይነገር። ባሌ ላይ ይህ በሽታ በተደጋጋሚ መንጋዎችን ጨርሷል፤ የአንድ ቀን መዘግየት ትልቅ ነው።

ስለ ሩቅ ማያ መነጽር ጥቂት ልበል፤ አስጎብኚው የራሱን ብቻ አንግቦ እንግዳው ባዶ ዐይኑን ሲያፈጥ ማየት ያሳዝናል። ለዚህ ተራራ 8 በ42 የተባለው ይመረጣል፤ 8 እጥፍ ያቀርባል፣ 42 ሚሊ ሜትር የሆነው የፊት መስታወቱ በማለዳም በቂ ብርሃን ያስገባል። 10 እጥፍ የሚያቀርበው ዳገት ወጥቶ በሚያለከልክ ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል። እንግዳው መነጽሩን ሲቀበል ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ክብ እስኪያሳዩት ያጥፈው። ከዚያ ቀኝ ዐይኑን ጨፍኖ በመካከለኛው ጎማ የግራውን ያጥራ፤ ቀጥሎ ግራውን ጨፍኖ በቀኙ ቱቦ ላይ ባለው ቀለበት ያስተካክል። የዐይን መነጽር ያደረገ ከሆነ የጎማው ከንፈር ይታጠፍ። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሳይደረግ ሲቀር ግን እንግዳው "አየሁ" እያለ ምንም ሳያይ ይመለሳል።

"እዚያ፣ እዚያ" ማለትም ማንንም አያሳይም። መጀመሪያ ሁሉም የሚስማማበት ትልቅ ነገር ይያዛል፤ ለምሳሌ ብቻዋን የቆመች ጅብራ የምትባል ረጅም ተክል። ከእሷ በስተቀኝ ጥቁሩ ስንጥቅ፣ ከስንጥቁ ሥር ሣር ያለበት እርከን፣ እርከኑ ላይ እንስሳው። እንግዳው ዐይኑን ከቦታው ሳይነቅል መነጽሩን ወደ ዐይኑ ያንሣ፤ ጎንበስ ብሎ መነጽሩን ከተመለከተ ቦታው ይጠፋዋል።

ሰውን መምራት እንስሳን ከማወቅ ያነሰ ሥራ አይደለም። አንድ አስጎብኚ ከ8 ሰው በላይ ከያዘ የኋለኛው ሰው አይሰማም፤ ያልሰማ ሰው ደግሞ የራሱን መንገድ ያበጃል። ደካማው ከአስጎብኚው ቀጥሎ ይሂድ፣ ስካውቱ መጨረሻ ይሁን። የመጨረሻው ሰው ደርሶ ትንፋሹ እስኪመለስ ማብራሪያ አይጀመርም፤ እሱ ሲደርስ ገለጻው አልቆ ቡድኑ የሚነሣ ከሆነ ቀኑን ሙሉ እረፍት አያገኝም። ሲናገር ፀሐይዋ በአስጎብኚው ፊት፣ በእንግዶቹ ጀርባ ትሁን። ነፋሱም ከእሱ ወደ እነሱ የሚነፍስበትን ቦታ ይምረጥ።

ከፍታውን የሚንቁ ብዙ ናቸው፣ በተለይ የአገራችን ሰዎች፤ አዲስ አበባ መኖር በቂ ልምምድ ይመስላቸዋል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ሳንቃበር ካምፕ 3,250፣ ጨነቅ ካምፕ 3,620፣ እመት ጎጎ የተባለው ጫፍ 3,926 ሜትር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የታወቀ ምክር ነው፤ ስለዚህ ከጎንደር ተነሥቶ በዚያው ቀን ሳንቃበር ከማደር ደባርቅ አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ሽቅብ መሄድ ይቁም። ቀጥ ባለ መስመር ላይ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ መራመድ ያቃተው፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ንጋት አይጠበቅም፤ በሌሊትም ቢሆን ይወርዳል። በበቅሎ ይሁን በመኪና፣ ብቻውን ግን አይሰደድም።

አፋፉ ሌላው አደጋ ነው። ጓሳ የተባለው ሣር ከገደሉ ጠርዝ አልፎ ስለሚንጠለጠል ከላይ ሲታይ መሬት ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። በጅንባር ፏፏቴ አካባቢም ሆነ በእመት ጎጎ ከጠርዙ 3 ሜትር ላይ መቆም፣ የግድ ማየት የፈለገም በደረቱ ተኝቶ፣ ሌላ ሰው እግሩን ይዞት መሆን አለበት። ራሱን ፎቶ ለማንሣት ጀርባውን ለገደል የሰጠ እንግዳን አስጎብኚው ያለ ይሉኝታ ማስነሣት አለበት። እርስዎ የሚባሉ ትልቅ ሰው ቢሆኑም።

እሳት በካምፕ ውስጥ በተፈቀደው ቦታ ብቻ ነው። አስታ የተባለው ቁጥቋጦ ዘይታም ስለሆነ እርጥብ ሳለም ይነዳል፣ ጓሳው በበጋ ክብሪት ይጠብቃል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የተነሣው ቃጠሎ ከእስራኤል ሳይቀር ባለሙያ አስመጥቶ ነበር። የሲጋራ ቁራጭ በኪስ ቆርቆሮ ተይዞ ይውረድ።

አሁን ወደ ላኪዎቹ ልምጣ፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ የሚፈርሰው በእነሱ የጊዜ ሰሌዳ ነው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደባርቅ የመግቢያ ክፍያ ይፈጸማል፣ ስካውትና አስጎብኚ ይመደባል። ከጎንደር ጠዋት 12 ሰዓት የተነሣ ቡድን መንጋውን በጊዜው ያገኛል። ቁርስ በልቶ 3 ሰዓት የተነሣ ግን እኩለ ቀን ላይ ደርሶ፣ ከቀትር በኋላ ሊመለስ ስለሚቸኩል አስጎብኚውን "አቅርበን፣ ጊዜ የለንም" ይለዋል። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንድ አስጎብኚ መላክም እንዲሁ ነው። ድርጅቶች ለሕዝብ በዓላት የሚያዘጋጁትን የአንድ ቀን ጉዞ በሰዓቱ ካላስተካከሉ፣ ለእያንዳንዱ 8 ሰውም አንድ አስጎብኚ ካልከፈሉ፣ የአስጎብኚው ዕውቀት ሜዳ ላይ አይሠራም።

ጉርሻም መነሣት አለበት። ለቅርብ ፎቶ የሚሰጥ ጉርሻ አስጎብኚዎችን በርቀት ያወዳድራል፤ ዛሬ 20 ሜትር ላይ ያቆመው ነገ 5 ሜትር የሚያስጠጋው ሥራውን ይወስድበታል። ይህን ብቻውን የሚያቆም አስጎብኚ የለም። የአስጎብኚ ማኅበራት አንድ ርቀት ተስማምተው በደባርቅ በክፍያ መስኮቱ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቢለጥፉት፣ አስጎብኚው ከእንግዳው ጋር መከራከሩ ቀርቶ ወደ ማስታወቂያው ይጠቁማል። አዲስ ገቢዎችንም በወረቀት ፈተና ብቻ ከማሳለፍ፣ አንድ ልምድ ያለው ሰው አብሯቸው ወጥቶ አንድ ጠዋት መንጋ ፊት ይያቸው፦ የት አቆሙ፣ መቼ አስቀመጡ፣ እጁ ሲቆም አዩ ወይ፣ ሲነሡ መንጋው ምን አደረገ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ፈታኝ፣ አንድ ማለዳና ጥቂት ፈቃደኛ እንግዶች ናቸው፤ ከጥቅምት በፊት ሊጀመር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዱር እንስሳት አስጎብኚ
ከደባርቅ